የውሃ አባት ልጅ

…እና አያ አወቀ ዶማቸውን ተደግፈው፣ ውሃው ወደ ጎረቤት ማሳ ሲወርድ ያዩ ነበር። ውሃ የሚያካፍለው የውሃ አባት የራሱን ማሳ ከሁሉም በኋላ ነው የሚያጠጣው ይሉን ነበር። አንተም ሰምተሃል፣ እንዳልካቸው። አባትህ ናቸው።

ያለሁት ስፔን፣ አንዲት ትንሽ የወንዝ ዳር ከተማ ነው። ይህን ፖስትካርድ የምጽፍልህ ቶማስ የሚባሉ ሽማግሌ ገበሬ ደጃፍ ላይ፣ ከጎናቸው ተቀምጬ ነው። ከተማዋ ድሮ ሱፍ አጥባ፣ ኋላ ቆዳ አልፍታ፣ ከዚያም በርበሬ አብቅላ በዚህ ወንዝ ኖረች። አሁን አንድ ሆቴል የገበሬውን የውሃ ተራ እየገዛ ሣሩን ያጠጣበታል፤ በርበሬው በቁሙ ደርቋል።

«እናንተ ዘንድ ውሃ የሚያካፍል ማነው?» አሉኝ፣ ስልኬ እያስተረጎመልን። ስለ አባትህ ነገርኳቸው። ደስ አላቸው።

«ከሳቸው በኋላስ? ልጅ አላቸው?»

ምን ልበል? ልጃቸው ከፋሲካ በኋላ በአምባ ጊዮርጊሱ ስብሰባ፣ አባቱ የሚያካፍሉት ምንጭ ለፋብሪካ ይሰጥ ብሎ እጁን ሊያወጣ ነው ልበል? ምነው አንተ ሰው? አባትህ እዚያው ተቀምጠው እያዩህ ነው እጅህን የምታወጣው?

ካርዱ ጠበበኝ። እናትህን እትዬ ሰርካለምን ሳምልኝ፣ ልጆቹንም። አያ አወቀን ግን ስመጣ እኔው እስማቸዋለሁ፤ አንተ አትሳምልኝ።

አሁን አንድ ማኪና መጥቶ ቆመ። የቶማስን የውሃ ተራ የሸጠው ልጃቸው ነው፤ ዳቦ ይዞላቸው መጥቷል። ሽማግሌው ወንበራቸውን አንስተው ገቡ። በሩን ዘጉት።