የሸዋገነት ልጅ ስም

ለወንድሜ ለያደሳ፣

መቱ ዝናቡ እንዴት ይዟችኋል? ጉልበትህን የሚያምህስ ተሻለህ? ባለቤትህ ሰርኬስ? ልጆቹስ? የእማዬ ዓይን እንዴት ሆነ? እኔ በአካል ደህና ነኝ፤ የምበላውም የምተኛበትም አላጣሁም፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

ባለፈው ደብዳቤህ፣ «ሌሊሴ፣ በስልክ ያየሁት ጽሑፍ እውነት የአንቺ ነው ወይ?» ብለህ ጠየቅኸኝ። አዎ፣ የእኔ ነው። ተማሪ ሳለህ መጽሐፍ እየተዋስክ ስታነብልኝ፣ ታሪኩ ውስጥ ሰው ከሞተ እራት አልበላም ብዬ የማስቸግርህ ያቺው እህትህ ነኝ። እዚህ ከመጣሁ ግን መጽሐፍ ገልጬ አላውቅም። ሦስት ዓመት ሙሉ ያነበብኩት በስልኬ የሚመጣውን ነው፤ ማን ማንን ከዳ፣ ማን ተዋረደ፣ ማን ተያዘ። መጀመሪያ ይቀፈኝ ነበር። ኋላ ኋላ ሰው ሲዋረድ ካላየሁ ቀኑ የሚጎድለኝ ሆንኩ። እጄም ያንኑ ለመደ። አሁን የምጽፍበት የፌስቡክ ገጽ ባለቤት በዛብህ ሲቀጥረኝ፣ «አንባቢ እንዲያዝን አልፈልግም፤ እንዲሳደብ ነው የምፈልገው» አለኝ። ሥራው አልከበደኝም።

ሸዋገነት እዚህ በምኖርበት ግቢ ተከራይ ነበረች፤ 18 ማዞሪያ ታክሲ መያዣው ጋ ቆሎ ትሸጣለች። ፊደል አልቆጠረችም። አሞኝ በተኛሁ ጊዜ አጥሚት እየሠራች ስታስታምመኝ፣ ለማንም ያላወራችውን አወራችኝ። ከዓመታት በፊት ትንሹን ልጇን ብርድ እንዳይመታው ብላ በቀለም ጣሳ ከሰል አቀጣጠለችለት፤ በሩን ቆልፋ ልብስ ልታጥብ ሰው ቤት ሄደች። ስትመለስ ጭሱ አፍኖ ገድሎታል።

ጻፍኩት። «ልጇን ቆልፋ የገደለች ቆሎ ሻጭ» ብዬ። ማዞሪያውን ጠቀስኩ፣ ጣሳውንም አልተውኩም። ለቅሶዋን ግን ሰረዝኩት፤ አንባቢን ያሳዝናል። በሁለት ቀን ሰፈሩ ሁሉ አወቀ። ቆሎዋን የሚገዛ ጠፋ፤ አንዲት ሴት እንዲያውም መሬት ላይ ደፋችባት።

ሰዉ ለምን እንደሚሰድባት ግራ ገብቷት፣ በስልክ ተጽፎብሻል ሲሏት ወደ እኔ መጣች። «አንቺ የተማርሽ ነሽ፤ ምን ብለው ነው የጻፉብኝ? አንብቢልኝ» አለችኝ። አንድ ቃል ሳልዘል አነበብኩላት። ያደሳ፣ ከአንተ አልደብቅም፤ እያነበብኩ አንዱ ዓረፍተ ነገር ላይ ስደርስ፣ ይህቺ ጥሩ ወጥታለች ብዬ በሆዴ ደስ አለኝ።

ስጨርስ፣ «የጣሳውን ነገር የማወራው ሰው አልነበረኝም። ለአንቺ ብቻ ነው የነገርኩሽ» አለች። ትጮኻለች ብዬ ስጠብቅ፣ «ስሙን እንኳ አልጻፍሽውም። ልጄ እኮ ስም አለው፤ ደመቀ ይባላል» ብላ ወጣች። በሳምንቱ አከራያችን ቤቱን አስለቀቀቻት። ወደ ቆሼ፣ ወደ ቆሻሻ መጣያው በኩል ገባች ይላሉ። አልፈለግኳትም።

በዛብህን «እናጥፋው» አልኩት። «ሰው ክፍል ሁለት እየጠየቀ ምኑን ነው የምናጠፋው?» አለኝ። ጻፍኩለት። የልጁን ስም እዚያ አስገባሁት፤ ርዕሱንም ከአፏ እንደወጣ «ደመቀ ይባላል» አልኩት። ከመጀመሪያው እጥፍ ሰው አነበበው። አንተም ያየኸው እሱን ነው።

እማዬን ጉልበቷን ሳምልኝ፤ ሌሊሴ ቢሮ ትሠራለች ብለህ ብቻ ንገራት። ሰርኬን ሰላም በልልኝ፤ ልጅህን ጉልላትንም ጉንጩን ሳምልኝ። ሉሲ ማንበብ መጀመሯን ጽፈህልኛል። የአክስቴን ጽሑፍ ካላነበብኩ ብላ ብታለቅስም፣ ስልኩን አትስጣት።

እህትህ ሌሊሴ
ኮልፌ ቀራንዮ፣ አዲስ አበባ
ታኅሣሥ 11 ቀን 2017 ዓ.ም.