ለታሪኩ፦ ባለ አንድ ካርድ ወይስ ባለ ሁለት?

የካቲት 4፣ ሰኞ፣ ከቀኑ 8፡00

መብራት ሄዷል። ላቦራቶሪው ውስጥ አርባ ኮምፒውተር ተደርድሮ፣ አንዱም አይሠራም፤ እኔ ጠባቂያቸው። ተማሪዎቹ ወጥተው ዛፍ ሥር ተጋድመዋል። ዲላ በየካቲት እንዲህ ናት። ስለዚህ አንተን አወጣሁ፣ ደብተሬ።

ሮማን ጻፈችልኝ፤ ዱባይ ያለችው የአክስቴ ልጅ። ለታሪኩ የጌም ላፕቶፕ ገዝታ ልትመጣ ነው። ሱቁ ውስጥ ሁለት ዓይነት አይታለች፦ ባለ አንድ ግራፊክስ ካርድና ባለ ሁለት። የቱን? እስከሚቀጥለው ሳምንት ማክሰኞ ንገሪኝ፣ ረቡዕ እነሳለሁ አለች። አንቺ አዋቂ ነሽ ትላለች። አዋቂ! ኬብል ሰኪ ነኝ።

ታሪኩ ወንድሜ ነው፣ ሃያ ሁለት ዓመቱ። ኅዳር ላይ ከኢዲዶ መንደር ሲመለስ ኩርባ ላይ ሞተሩ ጣለው። ከወገቡ በታች አይታዘዝለትም። ሐዋሳ ያሉት ሐኪሞች ጊዜ ስጡት አሉ። ሰጠነው። ሦስት ወር ሰጠነው።

ትናንት ግን፣ ከቤተ ክርስቲያን የመጡት ወገኖች እጃቸውን ጭነው ሲጸልዩለት፣ እግሬን ሞቀኝ አለ። እማዬ እልል አለች። ስለ እሱ ጾማ እህል ከቀመሰች ሦስት ቀኗ ነበር፤ ትናንት በላች። እኔም አመንኩ። ለምን እዋሻለሁ፣ አመንኩ።

የካቲት 6፣ ረቡዕ

ታሪኩ በእኔ አሮጌ ላፕቶፕ የሞተር ውድድር ይጫወታል። ምስሉን የሚያንቀሳቅሰው ካርድ ደካማ ነው። ቀጥታው መንገድ ላይ ይሄዳል። ኩርባ ሲመጣ ምስሉ ይንቀጠቀጣል፣ ይቆማል፤ ሲመለስ ሞተሩ ገደል ገብቷል። ሁልጊዜ ኩርባ ላይ! ዛሬ ስድስቴ ወደቀ፣ ከኋላው ቆሜ አየሁ። ከዚያ ክዳኑን ዘግቶ ወደ ግድግዳው ዞረ።

ሁለት ካርድ ከሆነ አይቆምም ይላል። ለእማዬም ነግሯታል፣ ለጎረቤትም። ሰፈሩ በሙሉ ስለ ሁለት ካርድ ያወራል። ከወደቀ ወዲህ አፉን ከፍቶ የጠየቀኝ ነገር ይህ ብቻ ነው።

ናቲን አማከርኩ። የአዲስ አበባ ልጅ፣ እዚህ ዩኒቨርሲቲ ያስተምራል፤ ራሱ ባለ ሁለቱ አለው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ብሎ ሳቀብኝ። ቀጥሎ ቁም ነገሩን ነገረኝ፦ ብዙው ጌም በአንዱ ብቻ ይሠራል፣ ሌላው ቁጭ ብሎ ይሞቃል። ይከብዳል። ባትሪ ይጨርሳል። አብረው ሲሠሩ ግን ቀልድ የለም። ለቅዳሜና እሁድ አውስሻለሁ፣ ሞክሩት አለ። ደግ ሰው።

የካቲት 9፣ ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 5፡00

ይዤው መጣሁ። ክብደቱ የድንጋይ ነው። ታሪኩ ጭኑ ላይ አስቀመጠው። ጠረጴዛ ከዚህ በፊት ሞክረናል፤ ወደ ፊት ሲንጠራራ ወገቡ አይችልለትም፣ በጎኑ ይወድቃል።

ኩርባው መጣ። ምስሉ አልቆመም። ትከሻውን ወደ ግራ ጣለ፣ አንገቱን አዘነበለ፣ እንደ ድሮው። አለፈ! ጮኸ። እማዬ ጓሮ እንሰት ስትፍቅ ሰምታ እጇን ሳትታጠብ ሮጣ መጣች። ይስቃል። ደብተሬ፣ ሳቁን ረስቼው ነበር።

ሁለት። አለቀ። ሰኞ ለሮማን እጽፋለሁ።

ከቀኑ 11፡00



እሱን የማጠብ ተራው የእኔ ነበር። ላፕቶፑን ላነሳ ስል ሥሩ ፈጀኝ፣ ልለቀው ነበር። አንሶላውን ገለጥኩ። ቀኝ ጭኑ ቀልቷል፤ መሃሉ ውሃ ቋጥሯል፣ መዳፌን ያህላል። ግራውም እንዲሁ። ከጠዋት ጀምሮ እየተቃጠለ ይስቅ ነበር። ምን ሆንሽ አለኝ። ከዚያ እሱም አየው።

ያው ከስድስት ቀን በፊት ሞቀኝ ያለው እግር።

እኔ ነኝ ያመጣሁት። ናቲ ይሞቃል ብሎኛል እኮ! ለማሽኑ ነበር ያሰብኩት። ለእማዬ እንዳትነግሪ አለኝ። 

የካቲት 10፣ እሁድ

ጤና ጣቢያ ሄጄ ቅባትና ፋሻ አመጣሁ። ነርሷ በምን ተቃጠለ አለችኝ። ሻይ ፈሰሰበት አልኩ። ስሜት የሌለው እግር ከእሳት ይራቅ አለች፣ እንደ ቀላል ነገር።

ከሰዓት ወገኖች መጡ። ዘመሩ። ሙቀቱስ ብለው ጠየቁት። አለ፣ አላቸው። እማዬ በዚያ በራሷ አማርኛ "እግሩ እየመጣች ነው፣ ጌታ ይመስገን" ትላለች። አንሶላው ሥር ፋሻ እንዳለ እያወቅኩ አሜን አልኩ። ሆድ ይፍጀው።

የካቲት 11፣ ሰኞ

እማዬ ገበያ ስትሄድ ታሪኩን አፋጠጥኩት። አንድም ቀን አልሞቀውም። እማዬ እህል አልቀምስም ስትል ፈራ። ሞቀኝ ብል ትበላለች ብሎ አሰበ፤ በላች። ከዚያ ወዲያ እንዴት ይመለስ? ይህን ብሎ ወደ ግድግዳው።

አልተቆጣሁም። ምን ብዬ እቆጣለሁ።

ባለ አንዱ ቀላል ነው፣ ብዙም አይሞቅም። ኩርባው ላይ ትንሽ ይንገዳገድ ይሆናል፣ አይገድልም። ግን አንድ ብዬ ብጽፍ እማዬ ለምን ትለኛለች። መልሱ እግሩ ነው። ያን ቀን መብላት ታቆማለች። ሁለት ብዬ ብጽፍ ደግሞ እሷ ትበላለች፣ እሱ ይቃጠላል፣ እኔ ማታ ማታ ፋሻ እለውጣለሁ። አንድ ካርድ መምረጥ እንዲህ ነው እንግዲህ።

ለሮማን አልጻፍኩም። ፈሪ ነኝ።

የካቲት 12፣ ማክሰኞ፣ ከሰዓት

የሰማዕታት ቀን ነው፣ ሥራ ዝግ ነው። ሮማን ሁለቴ ጻፈች፤ ሱቁ በር ላይ ቆማለች። እኔ ስልኩን ይዤ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ነበር። እማዬ ቆጮና ጎመን በሳህን ይዛ ገባች፣ ለሦስታችን።

ታሪኩ ጮክ ብሎ "አንድ በያት" አለኝ።

እማዬ ገረማት። ሁለት ስትል አልነበር እንዴ፣ አለችው።  አንሶላውን ራሱ ገለጠው። ፋሻውንም ራሱ ፈታው።

ሳህኑን ወለሉ ላይ አስቀመጠች። ቁስሉን አየች። ቀጥላ ከቁስሉ በታች ጉልበቱን ያዘች፦ "ይሄስ?" የለም አለ። ባቱን። "ይሄስ?" የለም። ቁርጭምጭሚቱን። አውራ ጣቱን ይዛ ቆየች። አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ወደ እኔ ሳትዞር "ጻፊ" አለች። አንድ፣ ብዬ ጻፍኩ። የማይሞቀውን፣ ብዬ ጨመርኩ።

ይኸው ከጻፍኩ አንድ ሰዓት አለፈ። ጣቱን አልለቀቀችም። ቆጮው ደረቀ፣ ማንም አልነካውም። አሁን ገብቼ እማዬ ብይ እላታለሁ። እምቢ ካለችም አጠገቧ ቁጭ ብዬ እኔው አጎርሳታለሁ።