የማዕዶት ሰኞ ውኃ

ሚያዝያ 3፣ ዓርብ። ከሥራ መልስ

ሱቅ ዘግቼ ጎፋ፣ እማዬ ዘንድ። ዛሬም ሾርባዋን ቀምሳ ተወችው። አባባ ከሞተ ወዲህ እንዲሁ ናት፤ ከአልጋ ወደ መስኮት፣ ከመስኮት ወደ አልጋ።

የፋሲካን ማግስት አነሳሁባት። ማስታወሻዬ፣ አንተ ስለማታውቀው ልንገርህ። አባባና ጓደኞቹ ሃንጋሪ ተምረው ሲመለሱ የዚያን አገር ሚስቶቻቸውን ይዘው መጡ፤ አንዷ እማዬ ናት። ሴቶቹ እዚህ ማኅበር አቋቋሙ። በየዓመቱ በማዕዶት ሰኞ የሚሰበሰቡት እኛ ቤት ነው። እንደ አገራቸው ልማድ ወንዱ ሴቷን አስፈቅዶ ውኃ ይረጫታል፤ እሷ ቀለም የነከረችውን እንቁላል ትሸልመዋለች። ያልተረጨች ሴት ትደርቃለች ይላሉ። የሰፈሩ ልጆች ሃንጋሪ የት እንዳለ አያውቁም፤ እንቁላሉ ግን አያመልጣቸውም።

የሚረጨኝ የለም፣ ማኅበሩ ተዘግቷል አለች። ፈራሁ። የዘጋችው ማኅበሩን ብቻ አልመሰለኝም።

ሚያዝያ 8፣ ረቡዕ

ራሴ እረጫታለሁ። ላፍቶ፣ ወ/ሮ ዩዲት ቤት ሄድኩ። ከማኅበርተኞቹ ከእማዬ ሌላ የቀሩት እሳቸው ብቻ ናቸው። የእኔ ሃንጋሪኛ ከ«ብላ» እና ከ«ዝም በል» አያልፍም። ማስፈቀጃዋን ልክ እንደ አባባ «ሳባዴ ሎፕኒ?» ብል በሳቅ ፈነዱ። ለካ ትክክሉ «ሎቾልኒ» ነው፤ መርጨት ማለት። አባባ ዕድሜውን ሙሉ ሲሳሳት ኖሯል። ሎፕኒስ ምንድን ነው ብላቸው፣ እናትህን ጠይቅ አሉኝ። እስኪመሽ አስጠኑኝ። ቅርስ ከተባለ በትክክሉ ይሁን እንግዲህ።

ሚያዝያ 12፣ ፋሲካ

ዘንድሮ የሃንጋሪዎቹም የእኛም በአንድ ቀን። ጎፋ ውኃ ጠፍቷል፤ ፈረቃው አልደረሰም። ነገ ከጀሞ ከቤቴ በጄሪካን እወስዳለሁ። ሚስቴ፣ እናቱን ሊያጠምቅ ነው እያለች ትስቅብኛለች። እኔን እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል።

ሚያዝያ 13፣ ሰኞ። ረፋድ

የታክሲው ረዳት ጄሪካኑን እንደ ሰው አስከፈለኝ።

እማዬ መስኮቷ ሥር። ጆግ ይዤ ፊቷ ቆምኩ። «ሳባዴ ሎቾልኒ?» አጥርቼ። ደገምኩ። እንደዚያ አይደለም አለች። ወ/ሮ ዩዲት ናቸው ያስጠኑኝ አልኳት። ዩዲት ምን አገባት፣ የቤታችንን በል።

ላብ አጠመቀኝ። «ሳባዴ ሎፕኒ?»

ጎንበስ ብላ ጭንቅላቷን ሰጠችኝ። «ሳባድ።» ይፈቀዳል። አፈሰስኩት። ግማሹ ምንጣፉ ላይ ፈሰሰ። ሳቀች። አለቀሰች። ደግሞ ሳቀች።

ሎፕኒ መስረቅ ነው አለችኝ። አባባ ተማሪ ሳለ በራቸው ላይ ባልዲ ይዞ ቆሞ፣ መስረቅ ይፈቀዳል ወይ ብሎ ጠየቃት። ይፈቀዳል አለችው። ሰርቆ ጎፋ አመጣት። አንድም ቀን አላረመችውም። በየዓመቱ ይጠይቃታል፣ በየዓመቱ ትፈቅዳለች።

እፎይ። ስንት ወር ደረቴ ላይ የተቀመጠው ነገር ወረደልኝ።

እዚያው። 6 ሰዓት

ፀጉሯ ሳይደርቅ ወጥ ቤት ገባች። እንቁላሉን ቀለም እንዲይዝ በሽንኩርት ልጣጭ እየቀቀለች ነው፤ ሾርባዋንም ጨርሳለች። ወ/ሮ ዩዲት ደወሉ። ትክክለኛው አልሠራም አልኳቸው። መጣሁ አሉ።

ልጆቹ በረንዳው ላይ ተሰልፈው እየጮሁ ነው፤ ሎፕኒ፣ ሎፕኒ። እነሱም የሚያውቁት የአባባን ነው። አላርማቸውም።