ሰብለ የሄደችባቸው መንገዶች፣ በቀለም

ረቡዕ፣ ኅዳር 4 ቀን 2006፤ ጠዋት 1፡20

ካርቱም፣ አርካዊት ሰፈር። ቢጫ ግንብ ሥር ተቀምጫለሁ። ጓሽ ቀለሙ ቡሩሹ ላይ እንዳለ ይደርቃል። ውሃ እጨምራለሁ፣ ወረቀቱ ጋ ሳይደርስ ይደርቃል። አሸዋ ይገባበታል። ይግባ። ግንቡም ያው አሸዋ ነው።

ይህ አሥራ አንደኛው ገጽ። ከመተማ ጀምሮ አንተ ላይ ነው የምሥለው፣ ደብተር። የገዳሪፉን የአውቶቡስ ቲኬትም ለጥፌብሃለሁ። ደሴ ሥራዬ ታፔላ መጻፍ ነው። ፊደል እንጂ መንገድ ሥዬ አላውቅም ነበር።

እህቴ ሰብለ በዚህ ግንብ አጠገብ ሦስት ዓመት ሥራ ተመላልሳለች። ሰው ቤት ነበር የምትሠራው። መስከረም አጋማሽ ላይ ወባ ያዛት፣ በሦስት ቀን ሞተች። እዚሁ ቀበሯት። እማዬ አልተረዳችም። አጎቴና ሽማግሌዎቹ መርዶው እቃዋን ይዤ እስክመለስ ይቆይ አሉ። ለእማዬ ሥራ ልፈልግ፣ እግረ መንገዴን እህቴን ላይ እንደሄድኩ ተነገራት።

ምንም አይሰማኝም። ለአንተ ብቻ ነው ይህን የምለው። የግንቡ ጥላ ወደ ሐምራዊ ይሄዳል። እሱ ይታየኛል።

ዓርብ፣ ኅዳር 6፤ ቀትር

ዘይነባ ያረፍኩበት ቤት መጣች። ከሰብለ ጋር አንድ ክፍል ተከራይተው ይኖሩ ነበር። የኮምቦልቻ ልጅ ናት፣ እሷም ሰው ቤት ትሠራለች፣ የምታርፈው ዓርብ ብቻ ነው። እቃዋን አመጣችልኝ። አንድ ሻንጣ። ሁለት ቀሚስ፣ ነጠላ፣ ያልተከፈተ የፀጉር ቅባት።

ሳልጠይቃት የመጨረሻዎቹን ቀኖች ነገረችኝ። ሰብለ ብርድ ብርድ ሲላት ድካም ነው ብላ ሥራ ገባች። በማግሥቱም ገባች። በሦስተኛው ቀን ሐኪም ቤት ሲደርሱ ሰው አትለይም። ዘይነባ እያለቀሰች ነው የምታወራው። እኔ እበሩ ላይ የቆመውን ባጃጅ፣ እዚህ ረክሻ የሚሉትን፣ ጎማውን እሥላለሁ። አየችኝና እንባዋን ጠረገች።

«ወላሂ፣ ወንድም ዓለም፣ አንተ ደህና አይደለህም» አለችኝ በመጨረሻ።

መቃብሯን ላሳይህ አለች። ለሚቀጥለው ዓርብ አልኳት። ባለፈው ዓርብም ያልኳት ይህንኑ ነው።

እሑድ፣ ኅዳር 8፤ ረፋድ

ካርቱም ሁለት፣ ያረፍኩበት የአገሬ ሰው ቤት። እማዬ ደወለች። ሰብለን አገናኘኝ አለች። ሥራ ላይ ናት፣ እመቤቲቱ ስልክ አትፈቅድም አልኩ። ምላሴ አልተያዘም። ለምጄዋለሁ።

ምን እየሠራህ ነው የምትውለው አለች። ከተማውን እሥላለሁ አልኳት። እስቲ የሣልከውን ንገረኝ አለች። አላፊ አግዳሚው እንዲጠጣ መንገድ ዳር ውሃ ተሞልተው ስለሚቀመጡት ገንቦዎች ነገርኳት። ውሃው ሸክላውን አልፎ ላብ ላብ ይላል፤ ግርጌያቸው አረንጓዴ ሆኗል።

ሰብለ ትጠጣበት ነበር ወይ አለች። አዎ አልኩ።

ገጹን ጨረስኩት። ገንቦዎቹ በጓሽ፣ ጥላቸው በከሰል፤ ከጀርባ የሻይ ቅጠል ካርቶን ቆርጬ ለጠፍኩ። ጥሩ ወጣ። ደስ አላለኝም። አልከፋኝምም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 10፤ ከሰዓት 10፡00

ከኦምዱርማን ገበያ ስመለስ ከሃፍላው፣ ከከተማ አውቶቡሱ፣ ወረድኩ፣ ድልድዩን ልሥል። የብረቱን መስመሮች በብዕር አስቀምጬ ወንዙን በግራጫ ጀምሬ ነበር። ወታደር መጣ። መምኑዕ። ድልድይ መሣል ክልክል ነው። የመታወቂያ ወረቀት ጠየቀኝ፣ ሰጠሁት። ደብተሩን ተቀብሎኝ አንድ በአንድ ገለጠ። ግንብ። ረክሻ። ገንቦ። ባዶ የሻይ በርጩማ።

ሰዎቹ የት አሉ አለኝ በዐረብኛ።

አላውቅም አልኩት። እውነቴን ነው። ከመተማ እስከዚህ አንድም ሰው እንዳልሣልኩ ያየሁት ያኔ ነው። ሰው በሚጎርፍበት ከተማ።

የድልድዩን ገጽ ቀደደ። የቀረውን መለሰልኝ፣ ያላ፣ ሂድ አለኝ። ሃፍላ ጠብቄ ተሳፈርኩ። ሙዝ ገዝቼ በላሁ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 12፤ ምሽት 12፡30

እማዬ ደወለች። ዛሬ ሰብለን አገናኘኝ አላለችም።

«እቃዋን አገኘኸው?»

የምን እቃ አልኩ።

«የእህትህን።»

ምን እንዳልኩ አላስታውስም። እሷ ድምፅዋን ሳትለውጥ ቀጠለች።

«እሑድ ሳትደውል ውላ የማታውቅ ልጅ፣ ሦስት እሑድ ስልኳ ዝም ሲል ምን ልበል? አጎትህ ዓይኔን ማየት ሲያቅተው ምን ልበል? ከደወለችበት ከመጨረሻው እሑድ ቆጥሬ፣ አንተ በወጣህ ማግሥት አርባዋን አወጣሁላት። ከቄሱ በቀር ማንም አያውቅም።»

ለምን ዝም አልሽ አልኳት። እናንተም ለእኔ ብላችሁ ነው ዝም ያላችሁ አለች። ደግሞም መንገደኛ አይረዳም፤ ድንበር ላይ ብቻህን ብታለቅስ፣ ማን ይይዝሃል?

ይቅርታ ልላት ጀመርኩ። አስቆመችኝ።

«እኔስ ተረድቻለሁ፣ ልጄ። ያልተረዳኸው አንተ ነህ።»

ሂድና አልቅስላት አለችኝ። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ረጅም ጊዜ ጆሮዬ ላይ ይዤው ቆየሁ። ከዚያ አንተን ገለጥኩ። ይኸው፣ ፊደሎቹ ተጣመው ይታዩሃል። ሃያ ዓመት ታፔላ የጻፈ እጅ።

ለዘይነባ ደወልኩ። ነገ አልኳት። ምክንያቱን አልጠየቀችኝም። ሦስት ሰዓት ላይ ሃፍላ ማቆሚያው ጋ ጠብቀኝ፣ ለእናንተ ጧፍ ነው አይደል የሚበራው፣ እኔ እገዛለሁ አለች።

ቀለሞቹን ከድኛለሁ። ቡሩሾቹን አጥቤ አስቀምጫለሁ። ነገ አንተንም፣ ደብተር፣ ይዤህ አልሄድም።