ለሬሳ ሣጥኑ ልግስና የዘገየ ምስጋና

ለተከበሩ ማሩቤ ኦጌቶ፣
በምክር ቤት ስለ እኛ ለሚቀመጡልን፤

ጤናዎ እንደ ሻይ እርሻዎ ለምለም፣ ሆድዎም እንደ ጎተራዎ ሙሉ እንዲሆን እየተመኘሁ፣ እኔ ድንጋይ ጠራቢው ኦያሮ ሞማኚ ከኮረብታው ማዶ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ፊደል አልቆጠርኩም፤ የምናገረውን የምትጽፈው የቤተ ክርስቲያናችን ጸሐፊ ኬሩቦ ናት። «አባባ፣ ይህችን ቃል ላለስልሳት?» ብላ ሁለት ጊዜ ጠይቃኛለች። ዕድሜዬን ሙሉ ድንጋይ ሳለሰልስ ኖሬአለሁ፤ ቃል ግን አላለሰልስም ብያታለሁ።

ባለፈው ወር ባለቤቴን ቦሲቦሪን ስንቀብር በሄሊኮፕተር መጥተው ለሀራምቤው፣ ለቀብሩ መዋጮ፣ ሃምሳ ሺህ ሺሊንግ አበረከቱ። በእኛ ወግ የሰጪው ስም በድምፅ ማጉያ ሲጠራ ሐዘንተኛው ተነስቶ ያመሰግናል። እኔ አልተነሳሁም። ወንድሜ ኦንቺሪ በክርኑ እየጎሸመኝ «አንተ ሽማግሌ፣ ተነስ እንጂ፤ ሰው እያየን ነው» አለኝ። «ይየን» አልኩት። እርስዎም ቅር እንደተሰኙ ሰምቻለሁ። እንግዲህ ያጎደልኩትን ምስጋና ዛሬ ቆሜ እያስጻፍኩ ነው።

አንደኛ፤ ባለ ሰፊ መሬትና ባለ ሄሊኮፕተር ግብር ይክፈል፣ ገንዘቡም ካዝናው ለተራቆተው የአረጋውያን ድጎማ ይዋል የሚለው ሕግ በቀረበ ጊዜ እጅዎን አውጥተው ስለተቃወሙ አመሰግናለሁ። እጅ ማውጣት ያደክማል። ሕጉ ሲወድቅ በየወሩ እናገኛት የነበረችው ሁለት ሺህ ሺሊንግ ቀረች። ቦሲቦሪ የደም ግፊት ኪኒኗን መጀመሪያ ለሁለት እየከፈለች ዋጠች፤ ቀጥሎ አንድ ቀን እየዋጠች አንድ ቀን ዘለለች፤ በመጨረሻ ባዶውን ብልቃጥ መስኮት ላይ አስቀምጣ ታየው ነበር።

ሁለተኛ፤ በመቃብሯ አፋፍ ላይ ቆመው «ሀብታም ላይ ግብር ከበዛ ሥራ ይጠፋል» ብለው ስላስተማሩን አመሰግናለሁ። መሃይም ነኝ፤ ግን የንያቦኬን ሱቅ አውቃለሁ። ድጎማው የገባ ዕለት አሥራ አንዳችን ሽማግሎችና አሮጊቶች ወርደን ዱቄት፣ ሳሙናና ስኳር እንገዛ ነበር። ንያቦኬ በዚያው ገንዘብ ከማኮሪ እንቁላል ትወስዳለች፤ ማኮሪ ጫማውን ያስጠግናል፤ ጫማ ጠጋኙ ተመልሶ ሱቁ ውስጥ ነው። ገንዘቡ ሳይመሽ መንደሩን ይዞረዋል። እርስዎ ዘንድ የቀረውስ የት ደረሰ? ሀብታምም እንደ እኛው ያለው አንድ አፍ ነው፤ ሺህ ጆንያ ዱቄት አይጨርስም። ይኸው ሱቁ ተዘጋ፤ ደጃፉ ላይ የሰው ዶሮ ይተኛል። ሥራውን ያጠፋው ማን ነው፣ ክቡርነትዎ?

ሦስተኛውን በጣቶቼ ነው የቆጠርኩት። ሃምሳ ሺህ ማለት የሃያ አምስት ወር ድጎማ ነው። ለሬሳዋ ሣጥን የሰጡት ገንዘብ ሁለት ዓመት ከአንድ ወር ኪኒን ይገዛላት ነበር። ሣጥኑ በእርግጥ ያምራል፤ የነሐስ እጀታ አለው። እሷ በሕይወቷ የነሐስ ነገር ጨብጣ አታውቅም።

አራተኛም ነበረኝ፤ ኬሩቦ ብዕሩን አስቀምጣ ዓይኗን መጥረግ ስለጀመረች ትቼዋለሁ።

ሬዲዮው እንደሚለው ሕጉ በሚቀጥለው ወር ዳግም ይቀርባል። የቦሲቦሪ ታናሽ እህት ክዋምቦካ ያንኑ ኪኒን ነው የምትውጠው፤ እሷም ለሁለት መክፈል ጀምራለች። ልመና አልለመድኩም፤ ስለዚህ እጠይቅዎታለሁ፦ ያን ቀን እጅዎን ለሕጉ ያውጡ። ምጽዋት አይደለም። ግብር ሲከፍሉ ስምዎ በድምፅ ማጉያ አይጠራም፤ የሚያጨበጭብ የለም፤ ሐዘንተኛም አይነሳልዎትም። ምናልባት የከበደዎ ይኸው ይሆናል።

የክቡርነትዎን ዕድሜ ከእኛ ዕድሜ በላይ ያርዝምልን እያልኩ፣ ባርኔጣዬን ሳላወልቅ፣

ኦያሮ ሞማኚ
(የአውራ ጣት አሻራ)

ተጨማሪ፦ ስለ ሥራ የነገሩን ሁሉ ሐሰት ነው እንዳልል፣ አንድ ሰው አለ፤ ድጎማው ከቀረ ወዲህ አናጺያችን ፋታ አጥቷል። አራተኛውን ሣጥን አስረክቦ ሲመለስ ክዋምቦካን መንገድ ላይ ሰላም አላት፤ ቁመቷን በዓይኑ ሲለካ ያዝኩት።