ከኋላ ተቀምጬ ነበር

እማማ፣

ነገሩ የተበላሸው ይቅርታ ያልኩ ጊዜ ነው። አፌን ጨዋማ ውሃ ሞልቶት፣ አንድ እግር ጫማዬን ባሕር በልቶት፣ ልጅዎ ጣቱን ወደ እኔ ቀስሮ "እጄን ጎተተችኝ" ሲል፣ እኔ ማንም ሳይጠይቀኝ "ይቅርታ" አልኩ። እጁን ግን አልነካሁትም።

ይህን ያስቀደምኩት ሰላምታ ጠፍቶኝ እንዳይመስልዎ። እርስዎ ደብዳቤ ሲከፍቱ መጀመሪያ መሃሉን፣ ቀጥሎ መጨረሻውን፣ ሰላምታውን ደግሞ ሻይ ሲጠጡ እንደሚያነቡ ስለማውቅ ነው። እንግዲህ ሻይዎን ይያዙ። እንዴት ሰነበቱ? ጉልበትዎ እንዴት ነው? መነጽርዎ ተጠገነ ወይስ ዛሬም ጆሮው በመርፌ ቁልፍ ተይዟል? የስፌት መኪናዋስ ዘይት ቀመሰች? እኔ በጣም ደህና ነኝ። አፍንጫዬ ተልጧል፣ ክንዴ ዝሎ ማበጠሪያ እንኳ አያነሳም፤ ደህናነቴ ግን ከልብ ነው። ልጅዎም ደህና ነው፤ አንድ ቦታ አልተጫረም። ከደብዳቤው ቀድሞ ከደረሰ ግን ነገሩን በራሱ መንገድ ይነግርዎታል፤ ስለዚህ ከእኔም ይስሙ። በስልክ እንዳልነግርዎ፣ ባለፈው ስደውል ጩኸቴን የሆቴሉ እንግዳ ሁሉ ሰምቶታል፤ ከእርስዎ በቀር።

ለምን ወደ ባሕር እንደመጣን ነግሮዎታል? ከሠርጉ በፊት አረፍ ለማለት ነው ብሎዎት ይሆናል። እሱ ግማሹ ነው። ከሦስት ወር በፊት በመሥሪያ ቤታችን አንድ የውሃ መስመር ንድፍ ላይ ቁጥር ተሳሳተ። ንድፉን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ቁጥሩን ሳይነግረኝ የለወጠው ልጅዎ ነው። ቧንቧው ጠቦ ሲገኝ፣ አለቃችን ሲጠይቅ፣ ልጅዎ "እሷ ናት የሰጠችኝ" አለ። ማስጠንቀቂያው በእኔ ስም ተጻፈ። ስቆጣ ጊዜ "ነገ አንድ አካል ልንሆን አይደል? በአንዳችን ቢጻፍ በሌላችን ምን ለውጥ አለው?" አለኝና ባሕር አሳይሻለሁ ብሎ አባበለኝ። አንድ አካል ከሆንን ለምን የፈረመው የእኔ እጅ ብቻ ሆነ ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። አምስት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ተቀምጬ ይህቺን ጥያቄ ሳላነሳት ቀረሁ።

ባሕሩ ግን፣ እማማ፣ ባሕሩ ሌላ ነው! ሰው ሁሉ ሰማያዊ ይለዋል፤ ጠዋት ጠዋት ግን እርስዎ ከመስኮቱ ሥር የሰቀሉት የአረንጓዴ ሐር ቁራጭ ነው የሚመስለው፤ ንፋስ ሲነካው ልክ እንደሱ ይገለባበጣል። በሦስተኛው ቀን ጄት ስኪ የሚባለውን የውሃ ሞተር ብስክሌት ለመንዳት ተመዘገብኩ። በአስጎብኚ እየተመሩ፣ ደሴቷን ዞሮ፣ ዋሻውን አይቶ መመለስ ነው። ልጅዎ "አንቺ ትፈሪያለሽ፣ እኔ እነዳለሁ" አለ። ግማሹን መንገድ እኔ፣ ግማሹን አንተ ተባብለን ተስማማን።

አስጎብኚያችን ሴት ናት። "ፊሽካ" ይሏታል፤ ፊሽካ ስለያዘች እንዳይመስልዎ፣ ስለማያስፈልጋት ነው። አንዴ ስትጮህ ወፎቹ ሳይቀሩ ይሰለፋሉ። አብረውን የነበሩት ባልና ሚስት ናቸው፤ እሳቸው ጡረታ የወጡ ዳኛ፣ ባለቤታቸው ጡረታ የወጡ የጥርስ ሐኪም። ሐኪሟ ቀድመው መሪውን ያዙ፤ ዳኛው ከኋላ ወጥተው ወገባቸውን እቅፍ አደረጉ። ልጅዎ ፈገግ ብሎ "ጋሼ፣ ምነው ከኋላ?" ቢላቸው፣ "አርባ ዓመት ጥርስ የነቀለ እጅ መሪ አያቅተውም፤ ደግሞ ማዕበሉ የሚመታው ከፊት ያለውን ነው፣ እኔ ደረቄን እገባለሁ" አሉት።

ፊሽካ አሸዋው ላይ አቁማን ትምህርት ሰጠችን። "ይህ መኪና አይደለም" አለች። "ፍሬን አትፈልጉ። ስትደነግጡ እጃችሁ ነዳጁን ይለቃል። ነዳጁን ከለቀቃችሁ መሪውን እስኪነቀል ብታዞሩት አይሰማችሁም፤ አፍንጫው ወደዞረበት ቀጥ ብሎ ይሄዳል። መዞር ስትፈልጉ ነዳጅ ስጡት።" ሦስት ጊዜ ደገመችው። እኔ እንጀራዬ ቧንቧ ነውና ለምን ብዬ ጠየቅኳት፤ የሚያዞረው ከኋላ የሚተፋው ውሃ ነው፣ ውሃው ከቆመ መሪው ጌጥ ነው አለችኝ። ደስ አለኝ። ልጅዎ በዚያን ሰዓት ብርቱካናማውን የመንሳፈፊያ ጃኬት ለብሶ ራሱን ፎቶ ያነሳ ነበር። "ሰማህ?" ስትለው "አሥራ ሁለት ዓመት መኪና ነድቻለሁ፣ እህቴ" አላት። እሷም "ባሕሩ መንጃ ፈቃድህን አያነብም" አለችው።

ወጣን። መጀመሪያ ላይ ግሩም ነበር። ፊሽካ ከፊት፣ እኛ መሃል፣ ዳኛውና ሐኪሟ ከኋላ። ልጅዎ እየጮኸ ይስቃል፣ እኔም እስቃለሁ፤ ፀጉሬ ዓይኔ ውስጥ፣ ማዕበሉ ቂጣችንን እየጠለዘ (ይቅርታ እማማ፣ ሌላ ቃል የለውም)። ደሴቷ ጋ ስንደርስ ድንጋዮቹን የሚያመለክት ትልቅ ብርቱካናማ በርሜል ውሃው ላይ ተንሳፍፎ ቆሟል። ፊሽካ ወደ ግራ ዞረች። ልጅዎ በርሜሉን ሲያይ ደነገጠና ነዳጁን ለቀቀ።

በጆሮው "ነዳጅ ስጠው!" አልኩት።

"ዝም በይ፣ አታደናግሪኝ!" አለኝ። መሪውን በሁለት እጁ ወደ ግራ ጠመዘዘው፤ ጄት ስኪው ግን የባላገር በቅሎ ሆኖ ቀጥ ብሎ ወደ በርሜሉ ሄደ። ፍሬን ሲፈልግ እግሩ ባዶውን ሲረግጥ አየሁት። የእኔ ሁለት እጆች የት እንደነበሩ ልንገርዎ፤ ከመቀመጫው ኋላ ያለውን መያዣ አንቀው ይዘው ነበር። ጓ! አልን። ሁለታችንም ውሃ ውስጥ።

አፍንጫው ከተላጠው ጄት ስኪ ሌላ ማንም አልተጎዳም። ጃኬቱ እንደ ቡሽ አንሳፈፈን። ፊሽካ ተመልሳ "ምን ሆናችሁ?" ከማለቷ፣ ልጅዎ "እጄን ጎተተችኝ" አለ። ዓይኑን በጨው አጥቦ ሲባል እሰማ ነበር፤ ጨው በሞላው ባሕር መሃል ተንሳፍፌ አየሁት። እኔም ያንን ይቅርታ አልኩ። የአፍ ልማድ ሆኖብኝ ነው። ከአፌ ሲወጣ ግን የሌላ ሰው ድምፅ መሰለኝ፤ የማን እንደሆነ ያኔ አላወቅኩም።

ፊሽካ ሁለታችንንም ተራ በተራ አየችን። "አሸዋው ላይ ምን ብዬ ነበር?" አለች። እኔ ውሃውን ተፍቼ፣ "ለመዞር ነዳጅ ስጡት" አልኩ። "በይ አንቺ መሪውን ያዢ" አለችኝ።

ልጅዎ "ከእሷ ኋላ አልቀመጥም!" አለ። "እንግዲያው ከእኔ ኋላ ና" አለችው። ሌላ ምን ምርጫ አለው? እየዋኘ ሊገባ ነው? ወጥቶ የፊሽካን ጃኬት በሁለት እጁ ጨመደደ። ዳኛው በአጠገቤ ሲያልፉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ልጄ፣ አንድ ሰው ባላጠፋው ይቅርታ ሲል ችሎት ላይ ብዙ አይቻለሁ፤ ፋይሉ ቶሎ ይዘጋል፣ ሰውየው ግን አይዘጋም" አሉኝ። ሐኪሟ ዞር ብለው "አሁን ፍርድ ይተዉና ይያዙኝ!" ብለው ነዳጁን ሲሰጡት ዳኛው ቃላቸውን ዋጡት።

ከዚያ ብቻዬን ነዳሁ። እማማ፣ ይህን እንዴት ልጻፍልዎ? መጀመሪያ እንደ ኤሊ። ቀጥሎ ትንሽ ፈጠን። ከዚያ ማዕበሉን ስወጣው ስወርደው፣ ማንም "ቀስ"፣ ማንም "ዝም በይ" ሳይለኝ። ዋሻው ውስጥ ገባን፤ ውሃው ከታች የበራ ያህል ያበራል። በሞተሩ ድምፅ ላይ ጮኼ ስሜን ጠራሁት፤ ዋሻው መልሶ ጠራኝ። ስንመለስ ያ በርሜል ከፊቴ መጣ። እጄ ሊለቅ ፈለገ፤ ፍርሃት ነው፣ አልዋሽዎትም። አልለቀቅኩትም። ነዳጅ ሰጠሁት፣ እሱም እንደታዘዘ ልጅ ዞረልኝ። ከኋላዬ ሐኪሟ "ይበል!" ብለው ሲጮኹ ሰማሁ።

ባሕር ዳርቻው ላይ ቅጽ አመጡልን። ከጄት ስኪ ላይ የወደቀ ሰው ሁሉ የሚሞላው ነው፤ ክፈሉ ያለን የለም፣ የወቀሰንም የለም። ነጂው ማን ነበር፣ ምን ተፈጠረ፣ ምስክር፣ ፊርማ፤ በቃ። ልጅዎ እስክሪብቶውን ቀድሞ ያዘና በዚያ በሚያምረው እጅ ጽሕፈቱ "ከኋላ የተቀመጠችው የነጂውን እጅ በመጎተቷ" ብሎ ጽፎ ፈርሚ ብሎ ሰጠኝ። አልፈርምም አልኩት። ወደ ጎን ወስዶኝ፣ "እዚህ ማን ያውቀናል? ማን ሊያነበው ነው? በዚህች ወረቀት ልታዋርጂኝ ነው?" አለኝ።

እውነቱን ነው፤ ማንም አያውቀንም። የማያውቁን ሰዎች ፊት፣ ለማያስከፍል ነገር፣ ለማይነበብ ወረቀት እንኳ እኔን ከሰጠ፣ የሚያውቁን ሰዎች ፊትማ ምን ያደርጋል? ያደረገውንማ አውቀዋለሁ። ወረቀቱን ወስጄ ከጽሑፉ ሥር እንዲህ ጻፍኩ፦ "ነጂው ነዳጁን ለቀቀ። ነዳጅ የተለቀቀ ጄት ስኪ አይዞርም። ማንም አልጎተተውም። እኔ ከኋላ ተቀምጬ ነበር፤ እጆቼ መያዣው ላይ ነበሩ።" ፈረምኩ። ዳኛው በአጭር ቁምጣቸው ውሃ እያንጠባጠቡ መጥተው መነጽራቸውን ጠየቁ፣ ሁለቱንም አነበቡና የምስክር ቦታው ላይ፣ ከእኔ ቃል ትይዩ፣ ፈረሙ። ሐኪሟም ደገሙበት።

ልጅዎ በነጋታው ከምሳ በፊት በወጣው አውቶቡስ ሄደ። ሸሚዞቹን አጣጥፌ ሻንጣውን አሰናድቼለታለሁ፤ ክፉ ሰው አይበሉኝ። ቀለበቱን በጎን ኪሱ ከስልኩ ቻርጀር ጋር አድርጌዋለሁ። ቻርጀሩን ሳይፈልግ አንድ ሰዓት ስለማይቆይ አያጣውም። እኔ የተከፈለበትን ሦስት ቀን ጨርሼ እመጣለሁ። ነገ ከፊሽካ ጋር ሌላኛውን ደሴት እዞራለሁ። ሰኞ ቢሮ ስገባ ደግሞ ስለዚያ ቁጥር ለአለቃችን የምጽፈው አለኝ፤ የመጀመሪያው ንድፍ እጄ ላይ ነው።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቅዎ። እንግዳ በመጣ ቁጥር የሚወራው የበሩ ታሪክ አለ። ልጅዎ በአሥራ ስድስት ዓመቱ የአባቱን መኪና ሰርቆ አውጥቶ የግቢውን በር የመታው። "እማዬ ከደጃፍ ስሜን ስትጠራኝ ዞር አልኩና" ይላል። ሁሉም ይስቃል፤ እርስዎም ፈገግ ብለው ዳቦውን ያቀብላሉ። እኔም አራት ጊዜ ስቄበታለሁ። አባቱ ያን ሰሞን አንድ ወር እንዳላነጋገሩዎት የነገረኝም ልጅዎ ነው፤ እየሳቀ።

ትናንት አሸዋው ላይ ጋደም ብዬ ግቢዎን እንደ ንድፍ በሐሳቤ ዘረጋሁት። ያን ቀን ከጠዋት ጀምሮ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ሲሰፉ እንደዋሉ በራስዎ አፍ ነግረውኛል። የስፌት ክፍልዎ በጓሮ በኩል ነው። የስፌት መኪናዋ ስትሠራ ደግሞ የራስዎን ድምፅ እንኳ አይሰሙም። ታዲያ ከደጃፍ ስሙን ማን ጠራው፣ ይቅርታውንስ ማን አለ?

መልሱን አይጻፉልኝ። የሠርግ ቀሚሱን ለመጨረሻ ጊዜ ሲለኩኝ፣ ስፒሎቹን በጥርስዎ እንደያዙ፣ "ልጄ፣ ወገቡን አላጠብቀውም፣ መተንፈስ ያስፈልግሻል" እንዳሉኝ አስታውሳለሁ። ቀሚሱን እንዳይፈቱት፤ ከጉልበት ያሳጥሩልኝና ለሥራ እለብሰዋለሁ። ቅዳሜ መነጽርዎን ይዤ ወደ ጠጋኙ ልሄድ፣ የስፌት መኪናዋንም ዘይት ላጠጣ እመጣለሁ፤ ልጅዎ ቤት ቢኖርም ባይኖርም።

እስከዚያው ጉልበትዎን ያጽናልዎ፣ ዓይንዎን ያብራልዎ፣ የተቆረጠው ሁሉ ልክ ይግባልዎ።

እጄ ባልያዘው መሪ ይቅርታ ማለትን ከእንግዲህ አልቀበልም። የበሩ ታሪክ ሲወራ ቁጭ ብሎ መሳቅንም አልቀበልም።

ሴቷ ልጅዎ