የእንኮይ አፋፍ ታፔላ

ጥር 13

ጥምቀቱም አለፈ፣ ሥራም ተመለሰ። ጠዋት ከጓደኛዬ ከየብርጓል ጋር ችግኝ አጠጣን። ወይራው ቆንጆ ነው። ኮሶው ግን ፈዘዝ ብሏል... ውኃ በዛበት ይሆን? ከዚያ ሣር የማጨድ ተራችን ስለነበር ማጭዳችንን ይዘን ወደ እንኮይ አፋፍ ወጣን። አንዳንድ ሸክም ይዘን ወረድን። ላሚቱ ገና ከሩቅ ስታየኝ እምቧ አለች። እኔን ሳይሆን ሸክሙን ነው የናፈቀችው።

አፋፉን ሳየው ልቤ ይሞላል። ከተከለለ አምስተኛ ዓመቱ። ያኔ ድንጋይና ትንሽ ሣር ብቻ ነበር፣ አሁን ወይራው ቁመቱ ከካሴ ይበልጣል። (ባሌ አጭር ነው። ይቺን እንዳያነብ።) ከሥሩ ያለው ምንጭ ድሮ ታኅሣሥ ሳይወጣ ይደርቅ ነበር፤ ዘንድሮ ጥርም ሆኖ ይንፎለፎላል።

የብርጓል ሣሯን እያሰረች፣ "ፍየሎቼ ዛሬም በሕልሜ መጡ" አለችኝ።

"ምን አሉሽ?"

"'ሥራነሽ ደህና ናት ወይ?' አሉኝ።"

ሳቅን። ግን ወጋ አደረገኝ። ፍየሎቿን የሸጠችው በኔ ቃል ነው። ባሏ ከሞተ ወዲህ ያሏት እነሱ ብቻ ነበሩ። በውጭ እርዳታ የሚሠራው ፕሮጀክት መጥቶ "አፋፉ ይከለል፣ ከብት አይግባ" ሲል አንድም ሰው እሺ አላለም። የወረዳው ባለሙያ አበረ ስለ አየር ንብረት ለውጥ እኔን አሠለጠነኝ፣ እኔ ደግሞ ቤት ለቤት ዞርኩ። ዝናቡ ለምን እንደሚዘገይ፣ በረዶው ለምን በአጨዳ ሰዓት እንደሚወርድ... ጤፍ የሚቆላ ምላስ አላት ይሉኛል፣ ያን ጊዜ ጠቀመ። የብርጓል የመጨረሻዋ ነበረች። "አንች ካልሽ ይሁን" አለች። ሸጠች።

ጥር 18

የፕሮጀክቱ መኪና በዚህ ሳምንት አልመጣችም። መንገድ ተዘግቶ ይሆናል።

ጥር 22

ሂዊ ከማርቆስ ደወለች። ዩኒቨርሲቲ ከገባች ወዲህ የዓለሙን ወሬ የምሰማው ከልጄ ነው።

"እማዬ፣ ፕሮጀክታችሁን የሚረዳው አገር ፕሬዚዳንት ተለወጠ አላልኩሽም? አዲሱ ተናገረ።"

"ምን አለ?"

"የአየር ንብረት ለውጥ የሚባል ነገር የለም አለ። ሥራ ፈቶች የፈጠሩት ተረት ነው፣ ለተረት ደግሞ ገንዘብ አልከፍልም አለ።"

"ሰዉስ?"

"አጨበጨበ። ሳቀም።"

ቪዲዮውን ላከችልኝ። ኔትወርኩ እየቆረጠ እየቀጠለ አየሁት። ቋንቋውን አላውቅም። ድምፁ ግን ደስ ይላል፣ እንደ ሰርግ አጫዋች ነው። ከኋላው ያሉት ሴቶች ጥርሳቸው እስኪታይ ይስቃሉ። ባትነግረኝ ኖሮ እኔም አብሬ እስቅ ነበር።

የኔን ዝናብ በምን አወቀው? አምና በረዶ ያወደመው ገብስ ተረት ነው? በተረት እህል ያልቃል?

ለካሴ ነገርኩት። "ፕሬዚዳንት ነው፣ ያለውን ይላል። እኛን ምን አገባን" አለ። ልክ ነው መሰል... ምን አገባን።

የካቲት 2

አገባን።

አበረ በሞተር መጣ። ከኋላው የቀለም ቆርቆሮ አስሯል። አፋፉ ግርጌ ያለው ታፔላ ሥር ቆሞ፣ "የአየር ንብረት ለውጥን የመቋቋም ፕሮጀክት" ከሚለው ላይ "የአየር ንብረት ለውጥን" የሚለውን በአረንጓዴ ቀለም ይቀባል።

"ምን እያረግህ ነው አንተ?"

"እትዬ ሥራነሽ፣ ቃሉ እዚያ አገር ተከልክሏል። ሪፖርት ላይ ከተገኘ ፕሮጀክቱ በማግሥቱ ይዘጋል። አሁን 'የአካባቢ ልማት' ነው የምንለው።"

"ዝናቡስ? እሱም ስሙን ለወጠ?"

"አይቀልዱ እባክዎ። በሚመጣው ሳምንት እንግዶች ይመጣሉ፣ ይቀጥል አይቀጥል ብለው የሚወስኑ። ንግግሩ የእርስዎ ነው። ቃሉን እንዳያነሱ ብቻ።"

አለማመደኝ። እንደ ሕፃን። ልጀምር ስል ቃሉ ይመጣል፣ አበረ አፉን በእጁ ይይዛል። እንደገና። ደግሞ ይመጣል። አምስት ዓመት ያስተማረኝን ቃል! የብርጓል ችግኟን እያረመች ትስቃለች።

"የአማት ስም ሆነብሽ በይኛ!"

እውነቷን ነው። ካሴን ሳገባ የአማቴን ስም ላለመጥራት አፌን ስሰበስብ እንዲሁ ነበርኩ። ግን እሷንስ አከብራት ነበር። ይኼን ሰውዬ ምን ብዬ ነው የማከብረው?

የካቲት 9

መጡ። አንዲት ፈረንጅ ሴት፣ አስተርጓሚዋና የወረዳ ሰዎች። መንደሩ ሁሉ ወጣ። ነጭ ቀሚሴን ለብሼ ተናገርኩ። አፋፉ እንዴት እንደነበር፣ ምንጩ እንዴት እንደተመለሰ፣ የብርጓል ፍየሎቿን እንዴት እንደሸጠች። ያማረ ነበር። ቃሉን አልጠራሁም።

ከዚያ ሴትዮዋ ጠየቀች። ደግ ፊት አላት። አስተርጓሚው፣ "ዝናቡ የተለወጠው ለምን ይመስልዎታል? ይላሉ" አለኝ።

አበረን አየሁት። አበረ መሬት መሬት ያያል። ጎረቤቶቼን አየኋቸው። ያን ሁሉ ዓመት በየቤታቸው ቁጭ ብዬ በጣቴ እየቆጠርኩ ያስረዳኋቸው ሰዎች... ሁሉም እኔን ይጠብቃሉ።

"እግዚአብሔር ያውቃል" አልኩ።

አጨበጨቡልኝ። የብርጓል አላጨበጨበችም፣ ነጠላዋን እያስተካከለች ነበር። ወይም እንዲያ መሰለኝ።

የካቲት 10

እግዚአብሔርስ ያውቃል። እኔም አውቅ ነበር እኮ።

የካቲት 27

ፕሮጀክቱ ተዘጋ። ስንት ቃል ሰርዘን፣ ስንት ቃል ውጠን... ያው ተዘጋ። አበረ በስልክ ነው የነገረኝ። "ከላይ የመጣ ነው" አለ። ከየትኛው ላይ? ላያችን በዛ።

የአፋፉ ጥበቃ ቢያድግልኝ ካፖርቱንና ፊሽካውን ለቀበሌ አስረክቦ በኛ በር አለፈ። "ግባ እንጂ፣ እህል ቅመስ" አልኩት። "ካፖርቱን ባስቀሩልኝ፣ ብርዱን ያው እኔ ነኝ የማውቀው" ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

የብርጓል ልትጠይቀኝ መጣች። "አሁንስ ማን ሊጠብቀው ነው?"

"እኛው" አልኳት።

"በምን?"

  

መጋቢት 5

ዛሬ አቦ ነው። ከቅዳሴ በኋላ እኔና የብርጓል ቄስ ወልደ ገብርኤልን ቤተ ክርስቲያን ደጅ ጠብቀን አገኘናቸው።

ድሮ አፋፉን የሚጠብቀው ግዝት ነበር። ሐምሌ ላይ ቄሱ ይገዝታሉ፤ ከዚያ ኅዳር ሚካኤል እስኪደርስ እንኳን ከብት ማጭድ አይገባም። የገባ የተወገዘ ነው፣ ቁርባን የለው፣ ለቅሶ የሚደርሰው የለው። ለዛፍ ባይሆን ለሣሩ ይበቃ ነበር። ፕሮጀክቱ ሲመጣ "ግዝቱ ቀርቶ በውስጠ ደንብና በጥበቃ ይተካ፣ ዘመናዊው እሱ ነው" ተባለ። ቄሱ በአደባባይ ፈቱት። እኛም አጨበጨብን። ጥበቃ ካለ ግዝት ለምን ያስፈልጋል ብለን...

"አባቴ፣ መልሰው ይግዘቱልን" አልኳቸው።

"ያኔ ፍቱ አላችሁኝ፣ ፈታሁ። አሁን እሰሩ ትሉኛላችሁ። ነገ ሌላ መኪና ሲመጣ ደግሞ ፍቱ ልትሉኝ ነው?"

"ሌላ መኪና አይመጣም።"

"ይመጣል ልጄ። መኪና አያልቅም።" መስቀላቸውን አሳለሙን። "ደግሞ ወሩን እዩት። መጋቢት ነው፣ የሁሉም ቤት ድርቆሽ አልቋል። ከብቱ የራበውን ሰው ብገዝተው ይጥሳል። አፋፉስ ኋላ ይበቅላል። ነፍሱን ምን ላድርጋት?"

እጃቸውን ስመን ወረድን። የብርጓል ከፊቴ ከፊቴ ሄደች።

መጋቢት 18

ጠዋት የጎረቤታችን የይታያል በሬዎች አፋፉ ላይ። ያውም ይታያል! የክልከላው ውስጠ ደንብ ሲፈረም ቀድሞ እጁን ያወጣው ሰው።

ሮጬ ወጣሁ። "አንተ፣ ነውር አይደለም? አምስት ዓመት የለፋንበት!"

"ምን ላድርግ እትዬ? በሬዬ ቆሞ ማረስ ካልቻለ ዘንድሮ ምን እበላለሁ? ማንስ ከለከለኝ? ጥበቃ የለ፣ ግዝት የለ።" ደግሞ እንደ ቀልድ፣ "ለነገሩ ፕሬዚዳንቱም ተረት ነው ብሏል አሉ።"

"የቱ ፕሬዚዳንት?"

"እኔ ምን አውቃለሁ! አንዱ። ትልቁ።"

ከየት ሰማው? ያ ሰውዬ እንኮይ አፋፍን አያውቅም። እንደ ቀልድ የተናገራት ቃል ግን ባሕር ተሻግራ፣ ማርቆስ ላይ አርፋ፣ አምበር ገበያ ላይ ዞራ፣ ይኸው በሬ ነድታ መጣች። የኔ ቃል አምስት ዓመት ፈጅቶ ነው ቤት ለቤት የገባ። የሱ በሁለት ወር።

መጋቢት 20

ዛሬ የስምንት ቤት ከብት ወጣ።

ሚያዝያ 21

ፋሲካውም እንደነገሩ ሆነ። የቀበሌ ሰዎች ስብሰባ ጠርተው ስለ መጪው ክረምት ተከላ ነገሩን። ጉድጓድ ቆፍሩ፣ ተዘጋጁ። መጀመሪያ ከትልቅ ሹም ንግግር ላይ የተቀዳ አሰሙን። አገራችን በአየር ንብረት ጉዳይ ለዓለም ምሳሌ ናት፣ ዓለም ከኛ ይማር፣ ምናምን። ጥሩ ድምፅ አለው እሱም።

እጄን አወጣሁ። "የተተከለውን ማን ይጠብቀው? ለእንኮይ አፋፍ አንድ ጥበቃ ቅጠሩልን።"

"በጀት የለም፣ በሕዝብ ተሳትፎ ነው" አሉኝ። ተሰብሳቢው አጨበጨበ። ለምኑ እንደሆነ እንጃ፣ ለምዶብን ነው። እጄ ሊያጨበጭብ ተነሥቶ ጭኔ ላይ መለስኩት።

ያኛው ውሸት ነው ብሎ ተወን። የኛው እውነት ነው ብሎ ተወን። ለአፋፉ ምን ልዩነት አለው?

ግንቦት 12

ምንጩ ደፈረሰ። ከብት እየገባበት ጭቃ ሆኗል። ውኃ ልቀዳ ስወርድ የብርጓል እዚያ ነበረች፣ አንዲት ፍየል ይዛ። ገዝታለች። አልነገረችኝም ነበር። የፍየል ግዢ ያህል ነገር! ድሮ ሻሽ ስትገዛ እንኳ እኔን ሳታማክር አትገዛም።

"ቆንጆ ናት" አልኳት።

"ምን ቆንጆ አላት፣ ከሲታ ናት። የድሮዎቹ ነበሩ ቆንጆ።"

"ተቀየምሽኝ አይደል እታለም?"

ጀሪካኗን ሞላች። ቀስ ብላ፣ ጭቃው እንዳይነሣ። "አልተቀየምኩም። አንች አልዋሸሽኝም፣ ዝናቡ እንደሆነ እኔም አየዋለሁ። ግን ያን ቀን ሴትዮዋ ስትጠይቅሽ... ለኔ ስንት ቀን ቁጭ ብለሽ አስረድተሽኝ፣ ለሷ 'እግዚአብሔር ያውቃል'? እኔ ፍየሎቼን የሸጥሁት አንች ታውቂያለሽ ብዬ ነው።"

ጀሪካኗን አሳዘልኳት። ሁልጊዜ እንደማደርገው። አመሰገነችኝ። እንደ እንግዳ ሰው፣ "እግዚአብሔር ይስጥልኝ" አለችኝ። ከሁሉ ይቺ ገደለችኝ።

ግንቦት 29

ዝናብ የለም። ችግኝ ጣቢያው ውስጥ ኮሶው ደረቀ፣ ወይራው ቆሟል። ብቻዬን አጠጣለሁ። ለማን እንደሆነ አትጠይቁኝ።

ካሴ ዛሬ ላሚቱን እየዳበሰ፣ "መንደሩ ሁሉ ሲፈስክ የኛ ላም ብቻ ጾመኛ ሆና ቀረች" አለ። ቁጣ አይደለም። የጎን አጥንቷ ይቆጠራል።

ሰኔ 14

ጠዋት አበረ ደወለ። ድምፁ የድሮው ድምፅ ነው፣ ሞቅ ያለ።

"እትዬ ሥራነሽ፣ የምሥራች! የሌላ አገር ፕሬዚዳንት ስለ አየር ንብረት ለውጥ ጠንከር ያለ ንግግር አድርጓል። ሰዎቹ አዲስ ቦታ ይፈልጋሉ። እንኮይ አፋፍን ልናሳያቸው ነው። ቃሉን አሁን እንደልብዎ መጥራት ይችላሉ!"

"አፋፉን አይተኸዋል?"

"እ... ታፔላውን አድሰዋለሁ። እርስዎ ብቻ ንግግሩን..."

"አፏን አሟታል በላቸው" ብዬ ዘጋሁ።

ከዚያ ላሚቱን ፈታሁ። ካሴ አየኝ። የየብርጓልን ቤት አልፌ ወጣሁ፤ ደጅ ቆማ ነበር። መንገድ ለቀቀችልኝ ብቻ።

ላሚቱ ታፔላው ጋ ስትደርስ አንገቷን በብረቱ አከከች። የአበረ ቀለም ርካሽ ነው መሰል፣ ፀሐዩ ልጦታል፤ ከሥሩ የአሮጌው ቃል ግማሹ ይታያል። አላነበብኩትም። በቃሌ አውቀዋለሁ።

ሣር የሚባል የቀረው ወይራዎቹ ሥር ብቻ ነው፣ እሱም ተግጧል። ብዙዎቹ ተሰብረዋል። እኔ በእጄ የተከልኳት አንዲት አለች፣ ድንጋይ ከልሏት የተረፈች፣ ጫፏ ለምለም። ላሚቱ ቀጥ ብላ ወደሷ ሄደች።

ልከለክላት እችል ነበር። ገመዱ በእጄ ነው።

ስትጨርስ ጠብቄ ይዣት ወረድኩ።